የጎኑ ብዥ ማለቱ አያስጨንቅህ

አብሽር ወንድሜ፣ ዓይንህ ደህና ነው። «ፊት ለፊት የማየው ጥርት ይላል፣ በጎን ያለው ግን ብዥ ይልብኛል፣ ታምሜ ይሆን?» ብለሃል። የሁላችንም እንደዛ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ግን አባቴን ሳሳክም የዓይን ሐኪሙን በጥያቄ አድርቄው ነበር።

እስኪ ክንድህን ዘርጋና የአውራ ጣትህን ጥፍር እይ። ባንዴ ጥርት አድርገህ የምታየው ያቺን የምታክል ቦታ ብቻ ነው። ዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ባለው፣ ሬቲና በሚባል ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን መሃል 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሰፋ ጎድጓዳ አለች፤ ቀለምና ጥቃቅን ነገር የሚለዩት ህዋሳት ችምችም ያሉት እዚያ ነው፣ ወደ ጎን ሲወጣ ይሳሳሉ። ሁሉም ጥርት ያለ የሚመስለን ዓይናችን በሰከንድ ሦስቴ ያህል እየዘለለ ስለሚቃርም ነው። ካላመንክ አንድ ቃል ላይ ዓይንህን ተክለህ ሦስት መስመር ዝቅ ያለውን አንብብ።

ጎኑ ለንባብ አይሁን እንጂ የሚንቀሳቀስ ነገር አያመልጠውም። አንዴ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ዓይኔ ከፊቴ ያለው አይሱዙ ላይ ነበር። በቀኝ በኩል የሆነ ነገር ውልብ አለ። ልጅ ይሁን ፍየል አልለየሁትም፣ እግሬ ግን ፍሬን ረግጧል። ዞር ስል ግልገል ናት!

ማታ ደግሞ ጭራሽ ጎኑ ይበልጣል። ልጅ ሆነን ደብዛዛ ኮከብ ላይ ስናፈጥ ትጠፋብናለች፣ አጠገቧን ስናይ ብቅ ትላለች። አያቴ «ታፍራለች» ይሉን ነበር። ለካ በጨለማ የሚያዩት ህዋሳት የዚያች የሬቲና ጎድጓዳ መሃል ነጥብ ላይ የሉም።

አሁን የሚያሳስበውን ልንገርህ። አባቴ መቃኑን በትከሻው ሲገጭ፣ አጠገቡ ያለ ስኒ ሲደፋ፣ እርጅና ነው ብለን ዝም አልን። ፊት ለፊት ያለ ሰው አይስትማ! ግላኮማ የሚባል የዓይን ነርቭ በሽታ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ጊዜ ሳያምም እይታን ከጎን ነው የሚበላው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የሚሰጠው የዓይን ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው። ስለዚህ ጎኑ ብዥ ማለቱ ብቻ ከሆነ ችግር የለም፣ በጎን ያለው ጭራሽ ካልታየህ ወይም መሃሉ ላይ ጥላ ካለ፣ ቀጥ ያለ መስመር ከተጣመመብህ ግን ቶሎ ተመርመር። ስትሞክረው አንዱን ዓይንህን እየሸፈንክ ይሁን፣ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይደብቃል።