ለአገር ቤት ሶፍትዌር ከመላካችሁ በፊት

ስሪዲ ፕሪንተር፣ ያ ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚያትመውን ማሽን፣ ቤቱ ያስገባ አበሻ በዝቷል። እሰየው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ሳሎኑ ጥግ ላይ አንድ ሣጥን ሲንጫጫ ብትሰሙ አትደንግጡ፣ ባለቤቱ የጀበና ማቶት እያተመ ነው። ጣጣው የሚጀምረው የሚነድፍበት ሶፍትዌር ፍለጋ ሲወጣ ነው። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ አይቶ ካርዱን ይመዛል። እኔም መዝዣለሁ። ሜሪላንድ ከገባሁ 22 ዓመቴ ነው፤ ቆጣ ብል አትቀየሙኝ።

1. ወረቀቱ

ነፃ የሆነው "የግል መጠቀሚያ" ፈቃድ ለንግድ አይደለም። "እስማማለሁ" ከማለታችሁ በፊት የገቢ ጣሪያውን አንብቡ። አለቀ።

2. የትኛውን?

በመጀመሪያ ብሌንደርን አውርዳችሁ ስትታገሉ የከረማችሁ፣ ተዉት። ድንቅ ፕሮግራም ነው፣ ነፃም ነው፤ ግን የተሠራው ለምስልና ለአኒሜሽን ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሶሊድ ሞዴሊንግ የሚባለውን ነው። ንድፉን ትሥላላችሁ፣ ልኩን ትሰጣላችሁ፣ ወደ ላይ ትስቡታላችሁ፣ ትበሱታላችሁ። ነገ 6 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ጠቦ ብሎኑ አልገባ ሲል ቁጥሩን 6.4 ብላችሁ መለወጥ ብቻ ነው፤ የቀረው አካል ራሱን ያስተካክላል።

የኔ የመጀመሪያ ሥራ የአክንባሎ እጀታ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ክዳን እጀታው ተሰብሮ ባለቤቴ በጨርቅ ነበር የምታነሳው። ሁለት ማታ ነድፌ፣ አራት ሰዓት አትሜ፣ በኩራት ገጠምኩት። ሦስተኛው እንጀራ ላይ እጀታው እንደ ማስቲካ ተለጠጠና ክዳኑ ወለል ላይ ተንኳኳ። ያተምኩበት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ መለስለስ ይጀምራል፤ የምጣድ እንፋሎት ደግሞ የዚያን ያህል ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ሊጡን እንደያዘች ዞር ብላ "የስንት ዶላር ሥራ ነው?" አለችኝ። አልመለስኩላትም።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ፍሪካድ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ዛሬም ነገም ነፃ ነው፣ የማንም ኩባንያ አይደለም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይከፈታል። ድሮ መጥፎ ጠባይ ነበረው። መጀመሪያ የሠራችሁትን ስትነኩ ኋላ የተሠራው እንዳለ ይፈርስባችሁ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 በወጣው 1.0 እትም ይህ በብዙው ተስተካክሏል። መልኩ ግን ዛሬም ዓይን አይስብም፤ ሁለት ሳምንት ታገሱት።

የኦቶዴስክ ፊውዥን የግል መጠቀሚያው ነፃ ነው፣ ለመማርም ይቀላል። በአንድ ጊዜ ማረም የምትችሉት ግን 10 ፋይል ብቻ ነው፤ አስራ አንደኛውን ለማረም አንዱን መቆለፍ አለባችሁ። በሥራው የምታገኙት ገቢም በዓመት ከ1000 ዶላር ማለፍ የለበትም። ኦንሼፕ በብሮውዘር ስለሚሠራ ደካማ ኮምፒውተርም ይበቃዋል፤ በነፃው ስትሠሩ ግን ሥራችሁ አደባባይ ላይ ነው፣ ማንም ገልብጦ መውሰድ ይችላል። የሲመንስ ሶሊድ ኤጅም ለግል ሠሪ በነፃ የሚሰጥ እትም አለው፤ ዊንዶውስ ብቻ ነው የሚፈልገው። የግድ መክፈል ያማረው ሰው ሶሊድወርክስ ፎር ሜከርስን በዓመት ከ100 ዶላር በታች ያገኘዋል። ለልጆች ቲንከርካድ ይበቃል። ፕሪንተር የሌላችሁ ሰፈራችሁ ያለውን ላይብረሪ ጠይቁ፤ ዲሲ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ለዚሁ የተሰናዳ ክፍል አለው።

3. ለአገር ቤት ስለሚላከው

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ አንድ ብረታ ብረት ቤት ተቀጠረ። በር፣ መስኮት፣ የዳቦ ቤት መደርደሪያ የሚሠሩ ናቸው። አንድ ቀን በቴሌግራም ስናወራ "ዲዛይን ብሠራ ደስ ይለኝ ነበር" አለ። ያለው ይህችን ብቻ ነው። ምን ኮምፒውተር አለህ፣ ኢንተርኔትህ እንዴት ነው፣ ምን ልትሠራበት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። አሜሪካ ያለ አጎት ይጠይቃል እንዴ? በማግስቱ ትልልቅ ፋብሪካ የሚጠቀምበትን፣ በወር 70 ዶላር የሚቆርጠውን ገዛሁለት። ከአገር ቤት በብር ካርድ ለውጭ ኩባንያ በየወሩ መክፈል ቀላል ስላልሆነ በኔው ካርድ አደረግኩት። ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። እውነቱን ካወጣሁት አይቀር፣ እዚህ ላሉ ጓደኞቼም ነግሬአለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ተቆረጠ። 1680 ዶላር። በየበዓሉ "ሶፍትዌሩስ?" ስለው "በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ይለኛል።

ለገና ገባሁ። ከቁርስ በኋላ የሥራ ቦታውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ፊደሎቿ የተፋቁ፣ ማጠፊያዋ በፕላስተር የታሰረ ላፕቶፕ ከፈተ። ስክሪኑ ላይ ባለ አምስት ደርብ የዳቦ መደርደሪያ አለ፤ እያንዳንዱ ቱቦላሬ፣ እያንዳንዱ ብሎን ልኩ ተጽፎለታል። ሥራው ደስ አለኝ። ቀና ብዬ ከላይ ያለውን ስም ሳነብ ፍሪካድ ይላል።

"የኔስ?" አልኩት።

ጫማውን አየ። ላፕቶፑ ያለው ራም 4 ጊጋባይት ነው፤ እኔ የገዛሁለት ፕሮግራም ሲከፈት ማሽኑ ይደርቃል። ቢከፈትም ፈቃዱን ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ይላል፤ አንድ ጊዜ አፕዴት ሲያደርግ የወሩን ፓኬጅ በአንድ ሌሊት በልቶበታል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጓደኛው ፍሪካድን በፍላሽ አመጣለት። ከዚያ ወዲህ የኔን ከፍቶት አያውቅም።

"ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

በሱ ይሉኝታ አልፈርድም። እኔ ነኝ እውነቱን እንዳይነግረኝ ያደረግኩት፤ ስደውል ምስጋናዬን ልሰበስብ ነው የምደውለው። እናንተም ከኔ አትሻሉም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣበት ሰፈር የልብስ ማጠቢያ ማሽን የላከ ሰው አውቃለሁ። ላኪው ፎቶ ይጠይቃል፣ እናትየው አጠገቡ ቆመው ይነሣሉ፣ ማሽኑ ዳንቴል ለብሶ የአበባ ማስቀመጫ ይሆናል። ሁለት ፈረቃ ሠርታችሁ፣ የሌሊት ታክሲ ነድታችሁ ያገኛችሁት ገንዘብ እኮ ነው! ከመላካችሁ በፊት ደውሉና ዝም ብላችሁ አድምጡ። ራሙ ስንት ነው? መብራቱስ? እኔ መክፈል ባቆም በማግስቱ ሥራህ ይዘጋል ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ። በወር የሚከፈል ሶፍትዌር የላከ ሰው፣ የልጁን እንጀራ በራሱ ካርድ ላይ ነው የሰቀለው። እናንተ ከሥራ ብትወጡ እሱም ወጣ ማለት ነው።

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ "ምን ጎደለህ?" ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና "ካሊፐር" አለ፤ የዕቃ ውፍረት በጥንቃቄ የሚለካበት መሣሪያ ነው። የአለቃውን እየተዋሰ፣ አለቃው ከሌለ በሜትር እየገመተ ነበር የሚሠራው። ዲጂታል ካሊፐር 30 ዶላር አይሞላም። የሁለት ዓመቱን ገንዘብ በካሊፐር እያባዛሁ ነው ያን ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት። ከተመለስኩ በኋላ መሳቢያዬ ውስጥ የነበረውን የራሴን ካሊፐር፣ ላፕቶፑ ላይ የሚጨመር ራምም ገዝቼ፣ አብሮ ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው ላክሁለት።

4. የፋይል አያያዝ

ሥራችሁን ስቴፕ (STEP) በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። ኤስቲኤል (STL) የሚባለው ሌላው ዓይነት ለፕሪንተሩ ብቻ ነው፤ ከሦስት ማዕዘን የተሰፋ ቆዳ ነው፣ ልኩ በሚሊ ሜትር ይሁን በኢንች እንኳ አያውቅም። ስቴፕ ጠጣሩን አካል ከነልኩ ይዞ ይሄዳል፤ ከላይ ከዘረዘርኳቸው የሶሊድ ሞዴሊንግ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ይከፍቱታል። እንዴት እንደሠራችሁት ደረጃ በደረጃ ግን አያስታውስም፤ ስለዚህ ዋናውንም አትጣሉ።

እኔ የአክንባሎውን እጀታ በስቴፕ ለእህቴ ልጅ ላክሁለት። በማግስቱ በድምፅ መለሰልኝ፤ ከኋላው ብረት ይቆረጣል። "ጋሼ፣ እጀታውን ከእንጨት አስጠርበው፤ በፕላስቲክ የምታትመው ከውጪ የሚጨበጠውን ጫፍ ብቻ ይሁን፣ ሙቀቱ እዚያ አይደርስም። እኔ ነድፌ እልክልሃለሁ። አንተ የብሎኑን ውፍረት በካሊፐር ለክተህ ንገረኝ።"

ካሊፐሬ እሱ ጋ ነው።