«ተሸላሚ ፓኔል» ሲባሉ ሜትር ያውጡ

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ለሠራሁት ቤት፣ መብራት ሲጠፋ የሚያግዘኝ ሶላር ፈልጌ ነበር። ሻጩ ያሳየኝ ፓኔል ጀርባው ላይ «300 ዋት» ይላል፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 67 ሳንቲም ነው። 36 ሴል ቆጥሬበታለሁ። «ተሸላሚ ነው፣ ቲር ዋን ነው» ብሎ ዋጋውን ከሌሎቹ ከፍ አደረገብኝ። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት። መልሱ የላኩልን ልኬት ውስጥ አለ። 1.50 በ0.67 ሲባዛ 1 ካሬ ሜትር ነው። የፓኔል ዋት የሚለካው በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበትና ሴሉ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። ገበያ ላይ ያሉ ምርጥ ፓኔሎች ከዚህ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት 25 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፤ ማለትም ከካሬ ሜትር 250 ዋት። የእርስዎ 150 ገደማ ይመስለናል። እውነተኛ ባለ 550 ዋት ፓኔል 2.28 በ1.13 ሜትር ነው፣ ክብደቱም 28 ኪሎ አካባቢ።

«ቲር ዋን» ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ የተባለ የኢነርጂ ገበያ ጥናት ድርጅት የሚያወጣው የፋብሪካዎች ዝርዝር ነው። የሚያየው ባንኮች በፋብሪካው ፓኔል ለሚሠሩ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ማበደራቸውን እንጂ የፓኔሉን ጥራት አይደለም። ሽልማትም ቢሆን፣ ለምሳሌ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው የኢንተርሶላር (የሶላር ኤግዚቢሽን) ሽልማት፣ ለተወሰነ ምርት ነው፤ የሞዴል ቁጥሩን ጠይቀው ከጀርባው ጽሑፍ ጋር ያስተያዩ። ይልቅ ፒቪኢኤል ከተባለው ፓኔል የሚፈትን ላቦራቶሪ ውጤት ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የተለመደው ዓለም አቀፍ የፓኔል መስፈርት፣ የአይኢሲ 61215 ፈተና፣ ፓኔሉን ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት 200 ጊዜ ሲያመላልሰው፣ ፒቪኢኤል 600 ጊዜ ያመላልሰዋል። ደካማ ብየዳ እዚያ ላይ ይለቃል።

ስለ አዲስ ቴክኖሎጂም ሱሉልታን አስበው ይክፈሉ። ቶፕኮን የሚባለው አዲሱ የሴል ዓይነት ሙቀትን ፐርክ ከሚባለው ከቀድሞው የተሻለ ይችላል፤ ሴሉ 50 ዲግሪ ሲደርስ ግን የሚያተርፈው 1.5 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ብርድ አገር ብዙ የሚያስጨምር አይደለም። ሁለት ፊት ያለው ፓኔልም ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ ከተገጠመ የኋላ ፊቱ የሚያየው ጨለማ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ጥርት ባለ ሰማይ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ያስለኩ። ቮልት ብቻ አይበቃም፤ ቮልቱን የሚወስነው የሴሉ ቁጥር ስለሆነ ተቆራርጠው የተሰካኩ ትንንሽ ሴሎችም ሙሉ ቮልት ያሳያሉ። ውሸቱን የሚያወጣው አምፔር ነው። ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፍነው የራሱን ሁለት ገመዶች ያገናኙ፣ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ (አንዱን ገመድ አቅፎ አምፔር የሚያነብ መለኪያ) ያስገቡ (ብዙዎቹ ኤሲ ብቻ ነው የሚለኩት)፣ ከዚያ ገልጠው ፊት ለፊት ወደ ፀሐይ ያዙሩት። ባለ 36 ሴል 300 ዋት ቢሆን ኖሮ 17 አምፔር ገደማ ይሰጥ ነበር፤ 8 ወይም 9 ካነበበ 150 ዋት ነው። ገመዱን ከመንቀልዎ በፊት መልሰው ይሸፍኑ፤ ዲሲ ሲላቀቅ የሚፈጥረው ብልጭታ እጅ ያቃጥላል። ተራ መልቲሜትር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አምፔር በላይ አይችልም፣ ፊውዙን ይበላዋል። ደመና ፀሐይዋን አልፎ ጠርዙ ሲያበራ ንባቡ ለአፍታ ከልኩ በላይ ይዘላል፤ ሻጩ ያንን ቁጥር ቢያሳይዎት ትንሽ ይጠብቁና እንደገና ያንብቡ።