ቁጭ ብለን እንብላ ወይስ ከባር ባር እንዙር?

ጥያቄ፦ ሰላም የጉዞ አምድ አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። እኔና ባለቤቴ ግንቦት ላይ የጋብቻ በዓላችንን ለማክበር ወደ ስፔን ልንሄድ ነው፣ ሴቪያ እና ግራናዳ። የነገርነው ሰው ሁሉ "ታፓስ ሳትበሉ እንዳትመለሱ" ይለናል (በትንንሽ ሳህን የሚቀርቡትን የስፔን ምግቦች ማለታቸው ነው)፣ ኢንተርኔት ላይ ስንፈልግ ደሞ አንዱ ቀድማችሁ ቡክ አድርጉ ይላል ሌላው ዝም ብላችሁ ግቡ ይላል፣ ግራ ገባን። እኔ የአሳማ ሥጋ አልበላም፣ እሱ አልኮል አይጠጣም። ብዙ አንፈልግም፣ አንድ የማንረሳው ምሽት ይበቃናል። አንድ ጥሩ ሬስቶራንት ይዘን ተረጋግተን ብንቀመጥ አይሻልም? (ባለትዳሯ)

መልስ፦ እህቴ እንኳን አደረሳችሁ! ቀጥታ ልመልስልሽና፣ አይሻልም። ሴቪያ ላይ ከሆናችሁ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ጠረጴዛውን በሳህን ከምትሞሉት ሦስት አራት ባር እየዞራችሁ አንድ አንድ ነገር ብትቀምሱ ነው ምሽቱ የሚያምረው። እዛ ሰው እንደዛ ነው የሚበላው፣ ይገባል፣ ባንኮኒው ጋ ይቆማል፣ ያ ቤት የሚታወቅበትን ምግብ አንድ ሳህን ያዛል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል። እናንተ ደሞ በየመሀሉ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ስለበላችሁት ታወራላችሁ፣ "ቀጥሎ የት እንግባ" ተባብላችሁ ትከራከራላችሁ፣ ለእኔ ከምግቡ እኩል ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

ሰዓቱን ግን አደራ። ከምሳ በኋላ ብዙ ኩሽና ከ10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይዘጋል፣ ማታ የሚከፈተው 2 ወይ 2፡30 ላይ ነው (በር ላይ 20፡30 ተብሎ ታዪዋለሽ)፣ የከተማው ሰው በደንብ የሚወጣው ደሞ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ሰዓቷን ከመካከለኛው አውሮፓ ጋር ስላደረገች ግንቦት መጨረሻ ላይ ሴቪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3፡30 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ ርቧችሁ ብትወጡ የምታገኙት ባዶ ወንበርና በፎቶ የተሞላ የቱሪስት ሜኑ ነው። ከሰዓት ትንሽ ነገር ቀምሳችሁ ተኙ፣ ከዛ ታጥባችሁ አምራችሁ ውጡ። እሁድ ማታ ብዙ ትንንሽ ባሮች ስለሚዘጉ ሌላ ቀን ይሁን።

ከየት እንጀምር ካልሽኝ ኤል ሪንኮንሲዮ እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1670 ጀምሮ ያለ ባር ነው የሚባለው፣ ስሙ የታወቀ ስለሆነ ቱሪስትም ይበዛዋል ግን ባንኮኒው ጋ መቆም አሁንም ደስ ይላል። ያዘዛችሁትን አስተናጋጁ ፊት ለፊታችሁ እንጨቱ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፣ በጨመራችሁ ቁጥር ቁጥር ይጨምራል፣ ስትከፍሉ በጨርቅ ጠርጎት ለሚቀጥለው ሰው ያዘጋጀዋል። እዛ ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ እዘዙ፣ ስፒናች በሽንብራ ማለት ነው፣ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት አለው፣ የተጠበሰ ዳቦ ተፈጭቶ ስለሚገባበት መረቁ ወፈር ይላል። ሥጋ የለበትም፣ እኔ ሴቪያ ውስጥ ከቀመስኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ከዛ በኢሳቤል ሁለተኛ ድልድይ (እ.ኤ.አ. በ1852 የተሠራው ነው፣ ሰው የትሪያና ድልድይ ይለዋል) የጓዳልኪቪርን ወንዝ ተሻግራችሁ ትሪያና ሰፈር ግቡ። መንገዱ ትንሽ ርቀት አለው ግን የመጀመሪያውን ሳህን ለማንሸራሸር ጥሩ ነው፣ ድልድዩ መሀል ላይ ቆም ብላችሁ ወንዙን እዩት፣ መብራቱ ውሃው ላይ ሲያርፍ በጣም ያምራል። ትሪያና ላይ የባር ስም አልሰጥሽም፣ ሜኑው በጠመኔ ግድግዳ ላይ የተጻፈበት፣ አዛውንቶችና ቤተሰብ የሚጮሁበት ቤት ካያችሁ ግቡ። ጋምባስ አል አሂዮ ካለ እዘዙ፣ ሽሪምፕ ነው፣ በትንሽ የሸክላ ጣባ ዘይቱ እየፈላ ይመጣል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ደረቅ ቃሪያው መሀል ላይ ይንሳፈፋል። ድምፁ እስኪበርድ ጠብቁት፣ ምላስ ያቃጥላል! ሽሪምፑ ሲያልቅ ጣባውን እንዳትመልሱ፣ የቀረውን ዘይት በዳቦ እየጠረጋችሁ ብሉት፣ እኔና ባለቤቴ ለመጨረሻዋ ቁራሽ ዳቦ ተፎካክረናል። አንዳንድ ቦታ ወይን ስለሚጨምሩበት ባልሽ ጨርሶ የማይነካ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። በአቼቶ የተዘፈዘፈ ትንሽ ዓሣ (ቦኬሮኔስ)፣ ቶርቲያ (ድንች በእንቁላል)፣ የተጠበሰ ደበርጃን በሸንኮራ አገዳ ሽሮፕ፣ እነዚህም አሉ።

የአሳማውን ነገር አጥብቀሽ ያዢው፣ ምክንያቱም ሃሞን (በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ) የማይገባበት የለም። ክሮኬታ (ተድቦልቡሎ በዘይት የሚጠበስ ነው) ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ሳልሞሬሆ የሚባለው ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ላይ ከእንቁላል ጋር ይነሰነሳል፣ አትክልት ነው ያልሽው ሳህን ውስጥም ታገኚዋለሽ። ሶሎሚዮ አል ዊስኪ የሚለውን አይተሽ የበሬ እንዳይመስልሽ፣ ሴቪያ ላይ አሳማ ነው። "ሥጋ የሌለው" ብቻ ካልሽ አንዳንዱ አስተናጋጅ ሃሞንን እንደ ሥጋ ላይቆጥረው ይችላል፣ ስለዚህ "ኖ ኮሞ ሴርዶ፣ ኒ ሃሞን" በይ፣ አሳማም ሃሞንም አልበላም ማለት ነው። ለባልሽ ደሞ "ሴርቬሳ ሲን አልኮል" ይበል፣ አልኮል የሌለው ቢራ ስፔን ውስጥ በየባሩ አለ፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግን ዜሮ ካልሆነ አልጠጣም ካለ "ሴሮ ሴሮ" የሚባለውን ይጠይቅ፣ ሲን አልኮል የተባለው ትንሽ ሊኖረው ይችላል።

ስታዙ "ታፓ" በሉ፣ ትንሹ ሳህን እሱ ነው፣ ሜዲያ ራሲዮን ግማሽ ነው፣ ራሲዮን ትልቁ ነው፣ ሁለት ሰው አንድ ራሲዮን ካዘዘ ዙሩ እዛው አለቀ። አንድ ታፓ ብዙ ቦታ ከ3 እስከ 5 ዩሮ አካባቢ ነው። ቲፕ ግዴታ አይደለም፣ ሳንቲም ብትተዉ ይበቃል። ቡኪንጉን ደሞ ተዉት፣ የግድ አንዴ ቁጭ ማለት ካማራችሁ በማግስቱ ምሳ ላይ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ሌላ ደሞ፣ ግራናዳ ላይ ታፓስ በነፃ ነው የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ግራናዳ ላይ መጠጥ ስታዙ አብሮት አንድ ታፓ ይመጣል፣ በአብዛኛው ባር ለለስላሳም ሆነ አልኮል ለሌለው ቢራ ይሰጣሉ። ሁለተኛ ዙር ስታዙ ሌላ ዓይነት ይመጣል፣ ናቫስ መንገድ ወይ ሬያሌሆ ሰፈር ብትሄዱ ሁለት ሦስት ዙር እራት ይሆናችኋል። ብቻ ምን እንደሚመጣ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ቤቱ ነው፣ ስለዚህ አሳማ እንደማትበዪ መጠጡን ስታዙ አብረሽ ተናገሪ፣ ሌላ ያመጡልሻል።