መልስ፦ ዳሌ ሲነሳ የደከመው እግር ወደ ውጭ ከወደቀ

እናትሽ ከስትሮክ በኋላ የሚሠሩትን ፒላተስ (በቀስታ፣ ከትንፋሽ ጋር የሚሠራ የሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ) እናቋርጠው ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አታቋርጡት፤ አሠራሩን ቀይሩት። እናትሽ በጀርባቸው ተኝተው ዳሌያቸውን ሲያነሱ ግራ እግራቸው ወደ ውጭ የሚወድቀው፣ በስትሮኩ የደከሙት የዳሌ ጡንቻዎች እግሩን መሃል ላይ መያዝ ስላቃታቸው ነው።

እንዲህ ሞክሩት፦

1. ጉልበታቸውን አጥፈው ሁለቱም እግሮች ፍራሹን በደንብ ይርገጡ። በጉልበቶቻቸው መሃል የተጠቀለለ ፎጣ አድርጊና ቀስ ብለው ይጫኑት።

2. አንቺ በግራ በኩል ሁኚ። በአንድ እጅሽ እግራቸው እንዳይንሸራተት ያዢ፣ በሌላው ጉልበታቸውን ደግፊ።

3. አየር እያስወጡ ዳሌያቸውን ትንሽ ብቻ ያንሱ። ከፍታው አያሳስብሽ። ሁለቱ ጎኖች እኩል ይነሱ እንጂ ጥቂት ጣት ያህልም ይበቃል። ግራው ማዘንበል ከጀመረ አውርደው ይረፉ።

ትንፋሽ ላይ አደራ! ሲከብዳቸው አምቀው ከያዙት የደም ግፊታቸው በአንዴ ይጨምራል። ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አድርጊ፤ እየቆጠሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም። ንግግር የሚያስቸግራቸው ከሆነ ረጅም "እፍፍ" ይበሉ።

በአስታማሚ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል፦ ሲጨርሱ ለማስነሳት የደከመውን እጅ መጎተት። ከስትሮክ በኋላ ትከሻን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለሚላሉ መገጣጠሚያው በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሕመሙም ለወራት ሊቆይ ይችላል። እጃቸውን ተዪው። መጀመሪያ በጎናቸው አዙሪያቸው፣ ከዚያ ከጀርባቸውና ከዳሌያቸው ደግፈሽ አስቀምጫቸው። ፊዚዮቴራፒስታቸው ይህን አንዴ በተግባር እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።