የሚጥል በሽታና የአንጎል ምስል፦ ራዲዮሎጂስቱን (የምርመራ ምስል የሚያነበውን ሐኪም) ጠይቁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄን ሲጥላት ሲቲ ስካን ተነሣች። "ምንም የለባትም" አሉን። ታዲያ ለምን ይጥላታል?

መልስ፦ ሲቲው የሚያሳየው የአንጎሏን ቅርጽ ነው። የሚጥል በሽታ የኤሌክትሪክ መታወክ ነው። ብዙ ሕመምተኛ ምስሉ ንጹህ ነው፤ በሽታው ግን አለ። ሲቲ ለድንገተኛ ጥሩ ነው፣ የፈሰሰ ደም ቶሎ ያሳያል። ትንሽ ጠባሳ ግን ያመልጠዋል። መድኃኒቷን እንዳታቋርጡ።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ሁሉም ቦታ አንድ ነው?

መልስ፦ እሰይ! ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ኤምአርአይ በማግኔት የሚነሣ ምስል ነው፤ አነሣሱ ግን ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ማዘዣው ላይ "የራስ ኤምአርአይ" ብቻ ከተባለ፣ እንደ ማንኛውም ራስ ምታት አንጎሉ እንደ ዳቦ ወፈር ወፈር ባለ የምስል ቁራጭ ይነሣል። ከጆሮ በስተውስጥ ሂፖካምፐስ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ጠባሳዋ በዚህ አነሣስ ሊዘለል ይችላል። ለሚጥል በሽታ ቁራጩ 1 ሚሊሜትር ገደማ፣ መሃሉም ክፍተት የሌለው ይሁን። በ2019 የወጣው ዓለም አቀፍ ምክርም ይኸው ነው። ስለዚህ ማዘዣው ላይ "የሚጥል በሽታ" ይጻፍ። ሲጀምር የቱ እጅ ቀድሞ እንደሚንቀጠቀጥም ይጻፍ። የት አተኩሬ እንደማይ የሚነግረኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቫልፕሮት የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት እየወሰድኩ አረገዝኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ ሙያ አይደለም። በራስሽ አታቁሚ። ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ የጭንቅላት ምርመራ ጥሩ ነው?

መልስ፦ የማን ጭንቅላት? ለምን?

አንድ አባል፦ እኛ ሰፈር የጣለው ሰው ክብሪት ሲያሸትቱት ይነቃ ነበር።

ሌላዋ፦ ወንድሜ፣ በራሱ ነው የሚነቃው።

አባሉ፦ በዓይኔ አይቼ!

ሌላዋ፦ እኔም የእህቴን አፍንጫ ቃጠሎ በዓይኔ አያለሁ።

መልስ፦ ክብሪቱን ተዉት! አብዛኛው በ2 ወይም በ3 ደቂቃ በራሱ ይቆማል። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል። ወደ ምስሉ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ኤምአርአዬ ንጹህ ነው። መድኃኒቱን ልተው?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። አትተው!

ጥያቄ፦ ጠባሳ ከተገኘስ?

መልስ፦ መድኃኒቱ አልሠራ ላለው ሰው የምሥራች ሊሆን ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላልና። በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት ነበር። ሕመማቸው ከጆሮ በላይ ካለው የአንጎል ክፍል የሚነሣ 80 ሰዎች ገቡበት። በዓመቱ፣ ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶው ራስን ከሚያስት መውደቅ ነጻ ሆኑ። በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት ግን 8 በመቶው። ሆኖም ምስሉ ብቻውን አይፈርድም፤ ኢኢጂው (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው) እና የአጣጣሉ ሁኔታ ከምስሉ ጋር መስማማት አለባቸው። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲም ያዙ።

ጥያቄ፦ ሲዲውን ልጆች ቧጨሩት።

መልስ፦ ካነሡሽ ቦታ ሌላ ቅጂ ጠይቂ። ነገ ሳይሆን ዛሬ።