መልስ፦ 26 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ አራተኛ?

ሰላም ወንድሜ። በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ ታሪክ ረጅሙ የተከታታይ ድል የማን ነው፣ 26 ነው ወይስ 22 ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ የአቻ ጉዳይ ነው።

26ቱ የኒው ዮርክ ጃይንትስ ቡድን ነው፣ መስከረም 1916 እ.ኤ.አ.። መሃል ላይ ከፒትስበርግ ጋር 1ለ1 እያሉ ዝናብ ጨዋታውን አቋረጠው። በቤዝቦል እንዲህ ያለው ጨዋታ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ድልም ሽንፈትም አይሆንም። ስለዚህ መዝገቡ ጉዞው አልተቋረጠም ይላል። አቻ ሳይገባበት ለሚቆጥር ግን ክሊቭላንድ በ2017 ያስመዘገበው 22 ቀዳሚ ነው። እኔ በበኩሌ 26ቱን እቀበላለሁ፤ ማንም አላሸነፋቸውማ!

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ያው ቡድን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ 17 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር፣ ሁሉንም ከሜዳው ውጭ። የመስከረሞቹ 26 ደግሞ ሁሉም በሜዳው ናቸው። ሁለቱን ደምራቸው፣ 43 ድል! የዓመቱ ውጤት ግን 86 ድል፣ 66 ሽንፈት፤ አራተኛ ደረጃ። ከሁለቱ ጉዞዎች ውጭ ከተሸነፉት ያሸነፉት ያንሳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ሌላ አላየሁም።

የ2002ቱን ኦክላንድም እየው። በተከታታይ 20ኛው ድላቸው ላይ 11ለ0 ሲመሩ ካንሳስ ሲቲ 11ለ11 አደረሳቸው። የኦክላንዱ ስኮት ሃተበርግ በመጨረሻው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ሆም ራን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚያወጣ ምት፣ መትቶ 12ለ11 አስጨረሰው።