ቅርጫት ኳስን ሙያው ለማድረግ ለሚያስብ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ተማሪ፣

የላክልኝን ደብዳቤና ከእርሱ ጋር ያያያዝከውን የ6 ደቂቃ ቪዲዮ በጥሞና ተመልክቻለሁ። በአጭሩ ያልከኝ ይህ ነው፦ 18 ዓመት ሊሞላህ አምስት ወር ቀርቶሃል፤ ቁመትህ 1 ሜትር ከ86 ነው፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ አራት ኪሎ ወወክማ ሜዳ ላይ ስትጫወት ቆይተሃል፤ አሁን ለብሔራዊ ፈተና መዘጋጀቱን ትተህ ቀኑን ሙሉ በልምምድ ማሳለፍ ትፈልጋለህ፤ በቴሌግራም የተዋወቅኸው ሰው 45 ሺህ ብር ብታስገባ ከአንድ የአውሮፓ ክለብ ጋር ሊያስፈርምህ ቃል ገብቶልሃል፤ እናትህ ደግሞ «በኳስ እንጀራ የበላ ማንን አይተህ ነው?» ብለው ተቆጥተዋል።

ቀን ሊያልፍበት የማይገባው ጉዳይ ገንዘቡ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። አትክፈል። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊባ፣ ከተለዩ ሁኔታዎች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዲዛወር አይፈቅድም፤ ዕድሜህ ከሞላ በኋላም ቢሆን ዝውውሩ የተመዘገብክበትን አገር ፌዴሬሽን የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጠይቃል። በዚህ ሥራ የሚሰማራ ወኪል የፊባ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ድርሻውንም የሚያገኘው ከተፈረመ ውል እንጂ ገና ክለብ ከሌለው ልጅ ኪስ አይደለም። እኔ ራሴ በ19 ዓመቴ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር «ለቪዛ ማስፈጸሚያ» የተባለ ገንዘብ ከፍለን፣ ሰውየውን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ ካፌ ሦስት ቅዳሜ ጠብቀነዋል፤ በአራተኛው ቅዳሜ አስተናጋጇ ሳንጠይቃት «ዛሬም አልመጣም» አለችን።

የእናትህ ጥያቄ ግን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። የሰሜን አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ 30 ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዱም በመደበኛ ውል ሊይዝ የሚችለው 15 ተጫዋች ስለሆነ ከመላው ዓለም የሚፈለገው 450 ሰው ገደማ ነው፤ በየዓመቱ በሚደረገው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ስማቸው የሚጠራውም ቢበዛ 60 ናቸው። ሙያው ግን በዚህ አያበቃም፤ በስፔን፣ በቱርክ፣ በግብፅና በአንጎላ ስማቸው እዚህ የማይታወቅ ብዙ ተጫዋቾች በዚሁ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ኤንቢኤና ፊባ በጋራ ያቋቋሙት የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በ2021 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ በ12 ክለቦች የተጀመረ ሲሆን፣ የኡጋንዳው ሲቲ ኦይለርስ በ2023፣ የኬንያው ናይሮቢ ሲቲ ተንደር ደግሞ በ2025 ማጣሪያውን አልፈው ተጫውተውበታል። የአገር ውስጥ ክለብ ቢፈልግህ በደስታ ተመልከተው፤ ከመፈረምህ በፊት ግን ደመወዙ በዓመት ለስንት ወር እንደሚከፈል፣ ብትጎዳ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ክለቡ በጀት ቢያጣ ውሉ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ እንዲሰፍርልህ ጠይቅ።

ከደብዳቤህ ፈጽሞ ያልተስማማሁበት ትምህርትንና ኳስን አንዱ ሲያዝ ሌላው የሚለቀቅ አድርገህ ማየትህ ነው። ለአንተ ዓይነት ልጅ ወደ ውጭ የሚያወጣው ሰፊው በር የትምህርት ቤት በር ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ፣ ከፍተኛው ደረጃ በሆነው በአንደኛ ዲቪዚዮን ለመጫወት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተወሰዱ እንግሊዝኛን፣ ሒሳብንና ሳይንስን የሚጨምሩ 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ከተወሰነ አማካይ ውጤት ጋር እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ አሠልጣኙ የቱንም ያህል ቢወድህ ትራንስክሪፕትህ ካልበቃ ሊያሰልፍህ አይችልም። (በሦስተኛው ዲቪዚዮን ያሉ ኮሌጆች በስፖርት ችሎታ ብቻ የነፃ ትምህርት ዕድል እንደማይሰጡም ልብ በል፤ እዚያ የሚያስገባህ የክፍል ውጤትህና የቤተሰብህ የገቢ ሁኔታ ነው።) ካሜሩናዊው ጆኤል ኢምቢድ ኳሱን የጀመረው በአሥራዎቹ አጋማሽ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በኤንቢኤ ምርጫ ሦስተኛ ሆኖ የተጠራው ግን በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ካለፈ በኋላ ነው። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ያሸነፈው የጎረቤታችን የደቡብ ሱዳን ቡድንም ቢሆን፣ ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ በስደት አድገው በአሜሪካ ኮሌጆች የተጫወቱ ናቸው።

ወደ ቪዲዮህ ልመለስ። ሙዚቃውን አጥፍቼ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተመለከትኩት። ኳስ ይዘህ ወደ ቅርጫቱ የገባህባቸውን 41 አጋጣሚዎች ቆጥሬያለሁ፤ በግራ እጅህ የገባኸው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሦስቱም በሁለቱ ኳሱን መልሰህ ወደ ቀኝ አዙረኸዋል። ስታስገባ እንጂ ስትከላከል የሚታይበት አንድም ቦታ የለም። በሰፈር ሜዳ 1 ሜትር ከ86 ረጅም ነው፤ በክለብ ደረጃ ግን የኳስ አቀባይ፣ የፖይንት ጋርድ ቁመት ነው። ማግሲ ቦግስ በ1 ሜትር ከ60 በኤንቢኤ 14 የውድድር ዘመን የተጫወተው ኳስን በሁለቱም እጁ ስለሚቆጣጠርና ተጋጣሚ አቀባዮችን መተንፈሻ ስለሚያሳጣ ነበር። አንተ ግን እስካሁን የተለማመድከው በቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ሰው የሚሠራውን ነው፤ ያንን ቦታ በክለብ የሚይዙት ከአንተ 15 እና 20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጡ ናቸው። አሠልጣኞች የሚፈልጉትም የተቆራረጠና የተዋበ ቪዲዮ ሳይሆን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ያልተቆረጠ፣ የሳትከውም ጭምር የሚታይበት የአንድ ሙሉ ጨዋታ ቅጂ ነው።

ጉዳትን በተመለከተ ከላይ የጠቀስኩት ኢምቢድ በእግሩ ስብራት ምክንያት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመናት አንድም ጨዋታ ሳያደርግ አሳልፏል። እርሱ ውል ስለነበረው ደመወዙን እየተቀበለ ታከመ። ውል የሌለው የአዲስ አበባ ልጅ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ጉልበቱ ቢጎዳ በእጁ የሚቀረው የትምህርት ማስረጃው ነው፤ በእርሱም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስፖርት ሳይንስ ሊማር፣ ከዚያም አሠልጣኝ፣ ዳኛ ወይም የአካል ብቃት ባለሙያ ሆኖ ከሜዳው ሳይርቅ ሊሠራ ይችላል።

እንግዲህ እስከ ፈተናው ድረስ ልምምድህን ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል አድርገው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ለግራ እጅህ ይሁን። በመጪው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ውጤትህን ኮፒ ይዘህ ወደ ቢሮዬ ና፤ ከ16ቱ ትምህርቶች የትኞቹ እንደተሟሉ አብረን እናያለን። እናትህም ጊዜ ካላቸው አብረውህ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ያ ሰው የላከልህን የቴሌግራም መልእክትም ሳትሰርዝ አምጣው።